የወረቀት መድኃኒት

ከፉያንግ፣ ከወንዙ ዳር
በቺየንዳዎ አራተኛው ዓመት፣ በዘጠነኛው ወር፣ በሦስተኛው ቀን

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለፒንሁይ፤ በማሻ ከተማ፣ በፋንግ ቤት

እንደምን ከረምሽ፣ ድንቢጥዬ? ባልሽ፣ አማቶችሽ፣ ትንሿ አሩይ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እጆቼን ካልጠየቅሻቸው በቀር። ለወረቀት ቀርከሃ የምንቀቅልበት ኖራ ቆዳቸውን ልጦት ጨው መንካት አቅቶኛል። ደብዳቤሽን ጋሽ ሉኦ የሻይ ሸክሙን ሳያወርድ፣ ላቡን ሳይጠርግ ሰጠኝ። «እህትሽ ወፍራለች» አለኝ። ዋሽቷል። የወፈረ ሰው የጽሕፈት ብሩሹን እንዲህ አጥብቆ አይዝም። ደብዳቤውን ግን እንደ ልጅነታችን ሦስት ጊዜ አጥፈሽ ጫፏን ወደ ውስጥ ሸጉጠሻታል። እሱን ሳይ ትንሽ ሳቅሁ።

ስለ አባባ ጠይቀሻል። ያስላል። ሲያስል ግድግዳው ላይ የለጠፍነው እርጥብ ወረቀት ይርገበገባል። ዛሬ ጠዋት ቀርከሃው አልበሰለም ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ ሰድቧቸዋል፤ ስለዚህ ገና ብዙ ይኖራል።

ስለ ሌላውም ነገር ጠይቀሻል። በደብዳቤው ጥግ፣ በደቃቃ ጽሕፈት፣ አይጥ የጻፈችው አስመስለሽ። አንቺ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ሆነሽ እንጂ የዛሬ ስምንት ቀን አልሄድሽም፤ የቤታችንን ሕግ ረሳሽው? ወንድማችን በፈንጣጣ ሲሞት አባባ ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ቀሩት። የወረቀት ሠሪ ቤት ወረቀቱ እንዳይጣበቅ የሚጨምረውን መድኃኒት ለሴት ልጅ አያሳይም፤ ነገ ተድራ በሙሽራ ሣጥኗ ይዛው ትሄዳለችና። ወንድ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ አንዷን ሳይድሯት ያስቀሯታል። የፋንግ ቤት የጋብቻ ስጦታ የሆነው ዝይ ለእኔ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሲጮህ ነበር። አባባ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን «ሱዪን ትቀራለች፣ ፒንሁይ ትሄዳለች» አለ። ዝይው አልተመለሰ፣ ሙሽራው አልተለወጠ። የተለወጠችው ሙሽሪት ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። አንቺ ምን አደረግሽ? አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ የሙሽራ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተሸከሙሽ። ግን ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ። የአባቶቻችን ስም በተጻፈበት እንጨት ፊት ፀጉሬን አስሬ፣ ላላገባና ላልናገር ምያለሁ። የማልሁትን ሆድ ይፍጀው።

አሩይን ሳሚልኝ። ከደረቀው የቀርከሃ ቡቃያ አንድ ቋጠሮ ልኬልሻለሁ።

እህትሽ ሱዪን፣ የወረቀት ገንዳው ሚስት


ከማሻ
በዚያው ዓመት፣ በአሥራ አንደኛው ወር፣ በሃያኛው ቀን

ለውድ እትዬ ሱዪን

ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ ይድረስሽ፤ ለአባባም እግሩ ድረስ ዝቅ ብዬ። የቀርከሃው ቡቃያ ደርሷል። ዝም ብዬ እንዳልበላው አማቴ ከእጄ ወስዳ ለእንግዶች አቀረበችው። ሽታውን ግን ማን ይወስድብኛል?

ቁጣሽን አንብቤዋለሁ፤ ይቅር በይኝ። አይጥ የጻፈችው ይመስላል ያልሽው እውነት ነው፤ እንደ አይጥ ፈርቼ ነው የጻፍኩት። ብዙ ነገር አልነገርኩሽም። ዛሬ ግን ልንገርሽ።

የፋንግ ቤት መጽሐፍ ያትማል። አሥራ ሁለት ቀራጮች አሉን፤ ፊደሉን ከእንጨት ላይ እንደ ጥልፍ ያወጡታል። የሚያዋርደን ወረቀቱ ነው። እዚህ ከእያንዳንዱ እርጥብ ሉህ ሥር ጨርቅ እናነጥፋለን። ካላነጠፍን ሺሁ ሉህ ሲጨመቅ ተጣብቆ አንድ ጡብ ይሆናል። እናንተ ገንዳው ውስጥ ያንን ዝልግልግ ነገር ጨምራችሁ፣ እርጥቡን በእርጥቡ ላይ ከምራችሁ፣ ተጨምቆ ሲወጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ በአንድ ታላቅቁታላችሁ። በአንድ ቀን የምታደርሱትን እኛ በስድስት ቀን አናደርሰውም። ዘንድሮ ደግሞ አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ለመጪው መኸር የመንግሥት ፈተና የሚሆን መጽሐፍ አደርሳለሁ ብሎ ለከተማው ሹም ቃል ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት ሁላችንም ምግብ ላይ ሳለን የመመገቢያ እንጨቶቹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና «ከወረቀት ቤት ሙሽራ አመጣሁ ስል ሩዝ በላ አምጥቼ ኖሯል!» አለ።

አማቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ወንድ ልጅ አልወለድሽ፣ ወረቀት አልወለድሽ። ምን ልትወልጂ መጣሽ?»

ባሌ ምን አለ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ባሌ ሩዙን ያኝክ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱ ሲናገር ግን ምላሱ ትጠፋበታለች። አንቺ ብታገቢው ኖሮ ጥርሱን ታስነክሺው ነበር። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ።

እትዬ፣ መድኃኒቱን ጻፊልኝ አላልኩሽም። ያልኩሽ እሺ በይኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። «እሺ፣ ፒንሁይ» የምትል አንዲት ቃል። ቀሪውን ለእኔ ተይው።

አሩይ ስድስት ዓመቷ ነው። የተጣበቀ ወረቀት ለቅማ ጀልባ ትሠራለች፤ ከብዶ ይሰምጥባታል። «የእትዬ ሱዪን ወረቀት ቢሆን ይንሳፈፋል?» ትለኛለች። ይንሳፈፋል አልኳት።

አባባ ደብዳቤዬን ሰምቷል? ምን አለ? ባለፈው ማኅተሙን ከታች አላየሁትም።

ድንቢጥሽ


ከፉያንግ
በቺየንዳዎ አምስተኛው ዓመት፣ በመጀመሪያው ወር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን

ለፒንሁይ

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። የፋኖስ በዓሉ ትናንት አለቀ። እኔ ፋኖስ አልሰቀልኩም፤ አንድ ሰው ለብቻው በዓል ሲያከብር ለጎረቤት መሳቂያ ነው።

የአባባን ማኅተም ለምን እንዳጣሽው ጠይቀሻል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ምን አለ ላልሽው ደግሞ፣ አባባ እንደ ድሮው ነው። ዘንድሮ ብዙ አይናገርም። ከመኝታውም አይነሣም። ሩዝና ሻይ ጠዋት ጠዋት ፊቱ አኖርለታለሁ።

አሁን ወደ ነገርሽ። «እሺ በይኝ ብቻ» ትያለሽ። ሞኝ መሰልኩሽ? ከእሺ በኋላ «እንዴት» ይመጣል፤ ከእንዴት በኋላ «ምን ያህል»። ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደጠፉ ታውቂያለሽ። ልጃቸው ለባሏ ሹክ አለችው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወንዙ ዳር ሁሉ ያንኑ ወረቀት አወጣ፤ አሁን አባቷ ዓሣ ይሸጣል። ደግሞስ መድኃኒቱ የፈለጋችሁትን ሁሉ ያደርግላችኋል ያለሽ ማን ነው? እኛ ራሳችን ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ወር ገንዳውን ደፍተን እንቀመጣለን። ሙቀት ሲመጣ ዝልግልጉ ውሃ ይሆናል፤ ወረቀቱ ይጣበቃል። አባባም ለምን እንደሆነ አያውቀውም፤ አባቱም አያውቀውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ብቀር ያንቀኛል፤ ልጻፈው። «አንቺ ብታገቢው ኖሮ» አልሽኝ። እንዲህ ያለ ቃል በምን አፍሽ ወጣ? የዛሬ ስምንት ዓመት ያንቺ ወንበር በድልድዩ ሲያልፍ እኔ እስከ ክርኔ ገንዳ ውስጥ ነበርኩ። መለከቱን ሰማሁት። አንድ ሉህ አወጣሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ያን ቀን ያወጣኋቸው ሉሆች ሁሉ ወፍራም ነበሩ፤ አባባ መልሶ ወደ ገንዳው ከተታቸው። አንቺ ባል አለሽ፤ ሩዙን ቢያኝክም ባል ነው። ልጅ አለሽ። እኔ ያለኝ ይህ ገንዳ ነው። እሱንም ትካፈይኝ?

የተዳረች ልጅ የተደፋ ውሃ ናት ይላሉ። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። ይህን ሳልል ብቀር ደስ ባለኝ ነበር፤ ብያለሁ።

ሱዪን


ከማሻ፣ ከፋንግ ቤት አዳራሽ
በአምስተኛው ዓመት፣ በሁለተኛው ወር፣ በስምንተኛው ቀን

ለተከበሩት ለእህቴ ለወይዘሪት ሩዋን ሱዪን

ከሁሉ በፊት የክብር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእርስዎንና የተከበሩት አባታችንን ጤና እመኛለሁ። እኔ በአማቶቼ ጥላ ሥር በደህና እገኛለሁ።

ይህ ደብዳቤ በአማቼ ፊት፣ እኔ እየተናገርኩ፣ በቤቱ ጸሐፊ እጅ ተጽፏል። አማቼ የሚከተለውን እንዳስታውቅ ፈቅዶልኛል። ወደዚህ ቤት ከገባሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ ወንድ ልጅ አልሰጠሁም፤ ከአባቴም ቤት ለዚህ ቤት አንዳች ጥቅም አላመጣሁም። ስለዚህ እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ድረስ የሩዋን ቤት የወረቀት መድኃኒት አሠራሩ ተጽፎ ካልደረሰ፣ ከዚህ ቤት እንድሰናበት ተወስኗል። ልጄ አሩይ የፋንግ ዘር ስለሆነች እዚሁ ትቀራለች።

መልስዎን በዚሁ ተሸካሚ እጠብቃለሁ። ደብዳቤው ሲደርስ በአዳራሹ፣ በሁሉ ፊት ይነበባል።

ታናሽዎ ሩዋን ፒንሁይ


ከፉያንግ
በአምስተኛው ዓመት፣ በሦስተኛው ወር፣ በሰባተኛው ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለፒንሁይ፤ ለተከበሩት የፋንግ ቤት አባትና እናትም

ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ደስ ይበልሽ፣ እህቴ። አባታችን በገዛ አፉ ፈቅዷል። «ልጄን ከሚያስወጡብኝ ምስጢሩ ይውጣ» ብሏል። ስለዚህ ሳላጎድል እጽፋለሁ፤ እንደተጻፈውም ይሠራ።

ከኮክ ዛፍ ግንድ ላይ የሚንጠባጠበውን ሙጫ ሰብስቡ። ቡናማው ሳይሆን ወርቃማው ይሻላል። በሙቅ ውሃ ይሟሟ፤ አድሮ በጥሩ ወንፊት ይጣራ። ለአንድ ገንዳ አንድ ሙሉ ባልዲ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጨርቅ አያስፈልግም። እርጥቡን በእርጥቡ ላይ ሺህም ሁለት ሺህም ብትከምሩ ችግር የለም።

አባታችን ከነሳሉ በሕይወት አለ። ይህን ለአማቶችሽ ንገሪልኝ፤ የሩዋን ቤት ወንድ አልባ ቤት አይደለም።

መልካም ሥራ።

ሱዪን


ከፉያንግ
በአምስተኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ወር፣ በሁለተኛው ቀን

ፒንሁይ፣ እህቴ፣ ድንቢጥዬ

ሰላም ልልሽ አፌ አልደፈረም፤ ስለዚህ ያለ ሰላምታ እጽፋለሁ።

ትናንት ጋሽ ሉኦ መጣ። ከሻዩ ላይ በገመድ የታሰረ ነገር ጭኗል። ግቢው ላይ ሲጥለው እንደ ድንጋይ ጓ አለ። ወረቀት ነው። ሺህ ሉህ፣ ደርቆ አንድ ጡብ የሆነ። ጠርዙ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ የሆነ ሰው ጥፍሩን አስገብቶ ሊያላቅቀው ታግሏል። ጣቶቹ ትናንሽ ናቸው።

«ይህ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አልኩት። እያወቅኩት።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ የሰጡኝን እሸከማለሁ» አለኝ። «'ለሩዋን ቤት ስጥልን፤ የልጃችሁን ንብረት መለስን በልልን' አሉኝ።»

«እሷስ?»

«በበሩ ስትወጣ አይቻታለሁ። አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ልጅቷ ናት።» ከዚያ ውሃ አልጠጣም ብሎ ሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውሃ ሳይጠጣ ሄዶ አያውቅም።

አሁን ሁሉን እነግርሻለሁ። አንደኛው፣ የኮክ ሙጫው ውሸት ነው። ሙጫ ያጣብቃል እንጂ አያላቅቅም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሲደርሰኝ ደብዳቤው በጸሐፊ እጅ ስለተጻፈ፣ ፊደሉ እንደ ማተሚያ እንጨት ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ይህ የፒንሁይ አይደለም፣ የአማቷ ወጥመድ ነው አልኩ። ሌባ ይሠርቀኛል፣ እኔም ሌባውን እቀጣለሁ አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ቢሆንም አስተጣጠፉ ያንቺ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ። አይቻታለሁ፤ በጣቴም ነክቻታለሁ። አይቼ ነው የጻፍኩት። ቀንቼብሽ ነበር፣ ፒንሁይ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ፤ «አንቺ ብታገቢው ኖሮ» ስትዪኝ ደግሞ አበድኩ። ትንሽ ትዋረድ፣ አማቷ ትንሽ ትቆጣት፣ ከዚያ እውነቱን እልክላታለሁ ብዬ ነበር። የቅናት ነገር፣ ልኩን መቼ ያውቃል?

ሁለተኛው ይብሳል። አባባ ሞቷል። የሞተው በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው፤ «ብዙ አይናገርም» ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን አርባኛው ቀን እንኳ አልደረሰም ነበር። ሩዝና ሻይ ፊቱ አኖራለሁ ያልኩሽም እውነት ነው፤ ስሙ በተጻፈበት እንጨት ፊት። የኮክ ሙጫውን የጻፍኩ ሳምንት የመቃብር መጥረጊያ ቀን ነበር፤ መቃብሩን ጠርጌ መጥቼ፣ አፈሩ እጄ ላይ እያለ፣ «ከነሳሉ በሕይወት አለ» ብዬ ጻፍኩ። ለጋሽ ሉኦ «እህቴ እርጉዝ ናት፣ እንዳትደነግጥ አትንገራት» ብዬ ዋሸሁት። ከጀርባዬ ወንድ እንደሌለ ሲሰሙ የፋንግ ሰዎች በለቅሶ ስም መጥተው ገንዳውን ይዘውት ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። አባትሽን እንዳታለቅሺ ከለከልኩሽ። አፈር ልብላ።

እውነተኛውን መድኃኒት እነሆ። ከወንዙ ባሻገር ባለው ጫካ ፀጉራም ቡናማ ፍሬ የሚያፈራ የዱር ሐረግ አለ። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። በውሃ ሲነከር እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። ይጣራና ለአንድ ገንዳ ሁለት ጭልፋ ይጨመራል። ይኸው ነው። ሕይወቴን የበላው ነገር ይህችው ናት፤ ስጽፋት አራት መስመር አልሞላችም።

ለአማቶችሽ ስጫቸው፤ ይመልሱሽ፤ ልጅሽን ያሳቅፉሽ። ወይ ወደ ቤትሽ ነዪ። መሐላውም ይቅር፣ ገንዳውም ይቅር። የት ነሽ? ጋሽ ሉኦን ለምኜዋለሁ፤ ፈልጎ ይሰጥሻል። ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

ሱዪን


ከየት እንደሆነ አልጽፍም
በአምስተኛው ዓመት፣ በአሥረኛው ወር፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን

ለእትዬ ሱዪን

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጋሽ ሉኦ ሦስት መንደር ዞሮ አገኘኝ፤ እግሩን አመስግኚልኝ፤ ውሃም አጠጭው።

ደህና መሆኔን ጠይቀሻል። ለሰው ቃጫ እፈትላለሁ፤ የዕለት ሩዝ አላጣሁም። ለአባባ የሐዘን ነጭ ለብሻለሁ። አሥር ወር ዘግይቼ ለበስኩ፤ ሰዎቹ ማን ሞቶብሽ ነው ሲሉኝ መቼ እንደሆነ መናገር አፍሬ ትናንት ነው አልኳቸው።

መድኃኒቱን ጽፈሽልኛል። የሐረጉ ሥር፣ ተቀጥቅጦ፣ በውሃ ተነክሮ፣ ተጣርቶ፣ ሁለት ጭልፋ። ልክ ነው፣ እትዬ። አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባባ ኋላ ገንዳው አጠገብ አቁሞ ያስተማረሽን ሥር፣ ያኔ ማን ይቆፍረው የነበረ ይመስልሻል? እማዬ ናት። ቅርጫቱን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። «አባትሽ እንዳያውቅ፤ አንቺ ምንም አላየሽም» አለችኝ። ምንም አላየሁም አልኳት። ማሻ ስገባ ያ ሐረግ ከአማቶቼ የአሳማ ጋጥ ጀርባ በቅሎ አገኘሁት። ፍሬውን አሩይ ትበላው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዤ በአጠገቡ አልፌአለሁ። አማቼ «ሩዝ በላ» ሲለኝ ሐረጉ ከመስኮቱ ይታየኝ ነበር።

ለምን አልተናገርሽም ትዪኛለሽ። ለአባባ ብዬ አይደለም። አንቺ ሳታገቢ የቀረሽበት ነገር ነው። እኔ እንደ ገለባ ከበተንኩት አንቺ ለምን ቀረሽ? ወጣትነትሽ ለምን አለቀ? ስለዚህ ነው እሺ በይኝ ያልኩሽ። መድኃኒቱን አልነበረም የፈለግሁት፤ ያንቺ ነውና ፈቃድሽን ነው። እሺ ብትዪ እቆፍረዋለሁ፤ እንቢ ብትዪ ይቀራል።

ደብዳቤሽ በአዳራሹ ሲነበብ ቆሜ ነበር። ጸሐፊው «የኮክ ዛፍ ሙጫ» ሲል ገባኝ። እትዬ እንቢ ብላለች አልኩ በልቤ። አማቼ «በይ ምራቴ፣ እንደተጻፈው ሥሪው» አለኝ። «ይህ ውሸት ነው» ብል፣ እውነቱን ከየት አውቀሽ ነው ይሉኛል። ስለዚህ ሙጫውን በገዛ እጄ አሟሟሁት። ሺሁን ሉህ በገዛ እጄ ከመርኩት። በጥፍሯ ልታላቅቀው የታገለችው ግን እኔ አይደለሁም፤ አሩይ ናት። «እማዬ፣ አንዱ ብቻ ቢላቀቅ ይምሩሻል?» ትለኝ ነበር።

ይህንንም ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም እንደኔው በአንድ ቀን ቃል የተሸጥሽ ነሽ፤ ቅናትሽን አውቀው ነበር። ይቅር ልልሽ ያቃተኝ ሌላው ነው።

ሊያስወጡኝ ሲሉ በሕጉ መሠረት ሽማግሌ አስጠሩ። የመንደሩ የተማረ አዛውንት ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ሊያስቀረኝ ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑን አይቼዋለሁ። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አንዱ እንኳ ከተገኘ ሚስት አትባረርም። «ለባልሽ ወላጆች የሦስት ዓመት ሐዘን ተቀምጠሻል?» አለኝ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ አልተቀመጥኩም አልኩ። «ስትገቢ ድኻ ነበሩ፣ ኋላ ነው የከበሩት?» አለኝ። ድሮም ሀብታሞች ነበሩ አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ብትወጪ የምትመለሽበት አባት የለሽም አይደል? አባትሽ ሞቷል አይደል?» አለኝ። አዎ እንድል እየለመነኝ ነበር።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ቀና ብዬ፣ በኩራት፣ አማቶቼ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባቴማ አለ! ያስላል እንጂ አለ! እህቴ በደብዳቤ ጽፋልኛለች» አልኩ። ደብዳቤውንም እጄ ላይ ዘረጋሁት።

ሽማግሌው ብሩሹን አነሣና ፈረመ።

አሩይ የፋንግ ልጅ ናት፤ እዚያው ቀርታለች። አዲስ እናት መጥታላታለች ይላሉ። መድኃኒቱን ለአማቶቼ አልሰጠሁም፤ አሁንም ያንቺው ነው፤ ስለ እሱ አትጨነቂ። ወደ ቤትም አልመጣም፤ የተደፋ ውሃ ነኝ ብለሽኝ የለ? እዚህ እንደፈሰስኩ ልቅር።

አንድ ነገር ግን ላስተካክልልሽ። በሙቀት ወራት ወረቀቱ የሚጣበቀው የአባባ አባት ይል እንደነበረው ሰማይ ስለሚጠላን አይደለም። እናንተ የተቀጠቀጠውን ሥር ወጥ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ስለምታስቀምጡት ነው። ሞቅ ሲል ይቀጥናል። እማዬ በሕይወት ሳለች ለቤት መጠቀሚያ ብላ የምታወጣው ጥቂት ወረቀት በሙቀት ወራትም እንደማይጣበቅ ልብ ብለሽ ነበር? በማለዳ ቆፍራ፣ ማሰሮውን በገመድ አስራ፣ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ታወርደው ነበር። ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እሷ ስትሞት ማንም አልጠየቀኝም።

እሺ ብትዪኝ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ ልነግርሽ ነበር።

ፒንሁይ